የኮድቡሯ ቦራ

እኔ ሀሲና እባላለሁ፣ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። ሀርጌሳ ላይ፣ ጅግጅጋ ያር ከሚባለው ሰፈር፣ ሂርሲ የሚባል ሀብታም ቤት ምግብ አበስላለሁ። ላወራችሁ ያሰብኩት ግን ስለ ሂርሲ አይደለም፤ የሱን ስም ሳነሳ አፌን ይመረኛል። የማወራችሁ ስለ ጎረቤቴ ስለ ጋሼ ዲሪር ነው። ክፋቱ የአንዱ ታሪክ ያለ ሌላው አይነገርም።

ጋሼ ዲሪር ሶማሌ ቢሆንም ያደገው እዚያው ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ አጠገብ ነው። እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማረው በአማርኛ ነው፤ እስከ ዛሬም “አቦ” ሳይል ወሬ አይጀምርም። አባቱ ጋሪ ነጂ ነበሩ። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ፣ ሲሚንቶ የጫነ ፈረሳቸው መንገድ መሃል ወደቀ። ሰው ከበበ። አንዱ ጭራውን ይጎትታል፣ አንዱ በእርግጫ ይለዋል፣ ሌላው ይስቃል። የዕቃው ባለቤት ስለተቆጣ አባቱም በአለንጋ ይገርፉት ነበር። ዲሪር ትንሽ ልጅ ነበር። የፈረሱን ራስ ጭኑ ላይ አድርጎ ዝንቡን እየተከላከለለት እንዳለ ፈረሱ ሞተ።

“ያን ቀን ማልኩ” ይለኛል። “በእጄ ያደገ ፈረስ ጋሪ አይጎትትም አልኩ። አቦ፣ ልጅ ብሆንም መሐላ መሐላ ነው።”

ከዚያ ወዲህ ያለው ሕይወቱ የብዙዎቻችን ነው። ትምህርቱን ተወ፣ ተሸከመ፣ ነገደ፣ ከሰረ፤ ሚስት አገባ፣ ሚስቱ ሞተችበት። ወደ አባቶቹ አገር ወደ ሀርጌሳ መጣና የግንባታ ዕቃ መጋዘን የሌሊት ጠባቂ ሆነ። ሌላው እጁ ላይ ትንሽ ገንዘብ ሲገባ ስልክ ይቀይራል፤ እሱ ከቡርዖ ከተማ ወዲያ ካሉ ፈረስ አርቢዎች አንዲት ባዝራ ገዝቶ ኮድቡር ሰፈር በተከራያት ቤት ጓሮ አሰራት። መልኳ ዳማ ስለሆነ ዳማ አላት። እሷም አንዲት ሴት ውርንጭላ ወለደችለት፤ ግንባሯ ላይ ነጭ ስላለባት ቦራ ተባለች። መጀመሪያ ላይ እኔም እንደ ሰፈሩ ሁሉ ፋንድያው ሸተተኝ ብዬ አፍንጫዬን ይዤ ነበር የማልፈው። ቦራ ግን በአጥሩ አንገቷን አሻግራ ያሰጣሁትን ልብስ እያኘከች ትጠብቀኛለች፤ ሰድቤ ሰድቤ በመጨረሻ ወደድኳት።

ችግሩ የመጣው አከራዩ ጓሮው ላይ ክፍሎች ሊሠራ ሲነሳ ነው። የመጋዘኑ ባለቤት ግቢው ውስጥ አንድ ፈረስ እንዲታሰር ፈቀደ፤ አንድ ብቻ። ዳማ አርጅታለች፣ እሷን የሚወስድ የለም። ስለዚህ መሄድ ያለባት ቦራ ናት። ዳማን የሸጠለት አርቢ ደግሞ በድርቁ የተነሳ የራሱንም ፈረስ ሊሸጥ እየዞረ ነው። ቦራን የጠየቀ አንድ ሰው ነበር፤ በአህያ ጋሪ ውሃ የሚሸጠው የሐረሩ ሻኪር። አህያው ደክማበታለች። ሻኪር ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ጋሪ ያው ጋሪ ነው። ስሙ ሲነሳ የጋሼ ዲሪር ፊት ይጠቁራል።

በዚህ መሃል ነው ሂርሲ ፈረስ ሊገዛ ነው የሚል ወሬ ማዕድ ቤቴ ድረስ የገባው። ሂርሲ ብዙ ዓመት ውጭ አገር ኖሮ የተመለሰ ሰው ነው። ሆቴል አለው፣ ኳስ የሚያጫውት ግቢ አለው። ዒድ ሲመጣ እንግዶቹ ፊት በፈረስ መታየት አማረው። እኔ ሞኟ ደስታዬን አልቻልኩትም፤ ሮጬ ለጋሼ ዲሪር ነገርኩት። በማግስቱ ቦራን በሳሙና አጥቦ፣ ጋማዋን አበጥሮ፣ እሱም ነጭ ሸሚዙን ለብሶ በሩ ላይ ቆመ።

ሂርሲ አልወረደም። ሰገነቱ ላይ ሆኖ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ፣ “ያገር ፈረስ ነው?” ብሎ ዘበኛውን ጠየቀ። አዎ ሲባል፣ “ያገር ፈረስማ አጥንት ነው። እኔ ከዓረብ አገር አዝዣለሁ” አለና ገባ። አንዴ እንኳን ቁልቁል አላያትም።

መገረም አልነበረብኝም፣ የዚያን ቤት ጠባይ አውቀዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ወተት ሻጯ አረፋው ያልከሰመ የግመል ወተት ይዛ ታንኳኳለች፤ ከውስጥ “አንፈልግም” ይባላል። እኔ ደግሞ በቆርቆሮ ታሽጎ ባሕር ያቋረጠ ዱቄት በጥብጬ ሻይ አፈላላቸዋለሁ። ከበርበራ ወደብ የኛ በግና ግመል በመርከብ እየተጫነ ይሄዳል፣ እዚያ ማዶ ያሉት እንደ ብርቅ ይበሉታል፤ መርከቡ ሲመለስ ለሂርሲ ፈረስ ያመጣል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይኸው ነው። ቀፈፈኝ፤ ሌላ ቃል የለኝም።

ፈረሱ መጣ። እውነቱን ልናገር፣ ያምራል። ገና ጎረምሳ ነው፣ እግሩ ረጃጅም፣ ዓይኑ ትልልቅ። መርከቡና ጭነት መኪናው አንገላተውት ሲያወርዱት ይንቀጠቀጥ ነበር። እሱ ምን አጠፋ? በግ ታረደ፣ ጎረቤት ተጠራ፣ ሁሉም ስልኩን ደቀነበት። ይሄኔ አንዲት ጎረቤት “ማሻአላህ” ሳትል አፏን ከፍታ ስታየው የሂርሲ ሚስት ዴቃ አየቻት። “ዓይን ሊያስበሉብን ነው!” ብላ ጮኸች። ወዲያው ፈረሱ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ገባ። መስኮቱ በካርቶን ተደፈነ፣ የብረት በሩ ተቆለፈ፣ ቀንና ሌሊት ቁርኣን የሚያሰማ ማጫወቻ ተከፈተለት። መኖ ከሚያስገባለት ዘበኛ በቀር ማንም ዓይኑን እንዳይጥልበት ተባለ።

እኔም ሙስሊም ነኝ፣ ዓይን እንዳለም አምናለሁ። ግን አላህ እንስሳ ጨለማ ውስጥ ቆልፉና ቁርኣን ክፈቱበት አላለም። የዚያ ክፍል ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ ቀን ቀን እንደ ምድጃ ይግላል። ሽንቱ ሲሚንቶው ላይ ይረጋል፣ ዝንቡ በበሩ ስንጥቅ ይርመሰመሳል። ጠረኑ በማዕድ ቤቴ መስኮት እየገባ ሥጋ ስከትፍ ያቅለሸልሸኝ ነበር። ፈረሱ መብላት አቆመ። በሩን በጥርሱ ይፍቃል፣ ግድግዳውን በኮቴው ይደበድባል፣ በኋላ ድምፁም ጠፋ። የእንስሳት ሐኪም መጥቶ “ብቻውን ስለሆነ ነው፣ አውጡት” ቢላቸው ማን ሰምቶት! ይህ ሁሉ ከዓይን ነው ብለው በካርቶኑ ላይ ሌላ ካርቶን ደረቡበት።

ጋሼ ዲሪር ግን ተስፋ አልቆረጠም። አንድ ከሰዓት በኋላ ዳማ ላይ ተቀምጦ፣ አንድ እስር ሣር አንጠልጥሎ፣ ሂርሲን ዳግመኛ ሊለምን መጣ። በሩ ላይ ሲደርስ ዳማ አሽካካች። ከመኪና ማቆሚያው ውስጥ መልስ መጣ። ያ ድምፁ የጠፋ እንስሳ እንዲህ ሲጮህ ዘበኛው ደንግጦ በሩን ከፈተው። ፈረሱ ዓይኑን በብርሃኑ እያጨናበሰ፣ እየተንገዳገደ ወጣና አፍንጫውን ዳማ አንገት ሥር ቀበረ። ጋሼ ዲሪር ሣሩን ፈቶ መሬት ላይ ሲያደርግላቸው አብሯት በላ። ሂርሲ ያን ቀን ወረደ።

“ባዝራዋን እዚህ ተዋት” አለው በሶማሊኛ፣ ጠባቂውን እንደሚያዝ።

“እተዋታለሁ” አለ ጋሼ ዲሪር። “ግን አንድ ነገር እለምንሃለሁ። ዒድ ሲያልፍ ልጇንም ተቀበለኝ፤ እናትና ልጅ እዚህ ይሁኑልኝ። በዋጋ አልከራከርህም። ጋሪ ላይ እንዳትውል ብቻ ነው የምፈልገው።”

“ኢንሻአላህ” አለ ሂርሲ፣ ወደ ስልኩ እየተመለሰ።

ወደ ኮድቡር በእግራችን ስንመለስ ጋሼ ዲሪር እንደ ልጅ ነበር የሚፈነጥዘው። “ሰማሽ አይደል ሀሲና? ኢንሻአላህ ብሏል!”

“ጋሼ፣ የዚያን ቤት ኢንሻአላህ እኮ እኔ አውቀዋለሁ” አልኩት።

“አቦ ተይ! የአላህን ስም ጠርቶ ሰው ይዋሻል?”

ጓሮው ተቆፈረ፣ ቦራ ወደ መጋዘኑ ግቢ ሄደች፣ ዳማ ከጎረምሳው ጋር ሂርሲ ግቢ ትውል ጀመር። ፈረሱ ጎኑ ሞላ፣ ፀጉሩ አንጸባረቀ። ሂርሲ ለሚያገኘው ሁሉ “የውጭ ዘር አየህ? ቶሎ ያገግማል” ይል ነበር። እኔ ሻዩን አቅርቤ ፊቴን አዞራለሁ።

የዒድ ማግስት እንግዶች ተጠሩ። ትሪ ይዤ ወደ ግቢው ስወጣ ዳማ ከቦታዋ የለችም። ስፈልግ ከጄኔሬተሩ ጀርባ በሸራ ተጋርዳ፣ በአጭር ገመድ ታስራ አገኘኋት። ጭሱ በቀጥታ ፊቷ ላይ ይመጣል።

“ይሄ ምንድን ነው?” አልኩት ዘበኛውን።

“እንግዶቹ ያገር ፈረስ እንዳያዩ ተብሏል” አለኝ።

ትሪውን አናቱ ላይ ብደፋው ደስ ባለኝ፤ ግን እሱም እንደኔ ታዛዥ ነው። ልፈታት ስል ዴቃ ጠራችኝ፣ ሄድኩ። እነዚህ ሰዎች ፈረሳቸውን ያዳነችላቸውን እንስሳ እንደ ቆሻሻ ሲደብቁ ማየት፣ ከዚያም ለነሱ ሩዝ ማቅረብ!

ሂርሲ ነጭ በነጭ ለብሶ፣ ሰው ለመሸከም ገና ባልደረሰው ጎረምሳ ላይ ወጣ። ፈረሱ ጥቂት ሄደና ቆመ። ጆሮውን አቀና። ከዚያ ልጓሙ ቢሳብ ባይሳብ ጋላቢውን እንደተሸከመ ቀጥ ብሎ ወደ ጄኔሬተሩ አመራና ሸራውን በጥርሱ ጎትቶ ጣለው። ዳማ ዓይኗ በጭስ እያነባ ብቅ አለች። እንግዳው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። “የዓረቡ ልዑል እናቱን አገኘ!” አለ አንዱ። እኔም ከልቤ ሳቅሁ።

ሳቁ ግን ለኛ አልበጀም። እንግዶቹ ሳይበተኑ አንዱ ሂርሲን “ጓደኛ ከፈለገ ሌላ አስመጣለት” አለው። ሂርሲም እዚያው ቁጭ ብሎ፣ እጁ በሩዝ ቅባት እንደራሰ፣ ሌላ ፈረስ ከዓረብ አገር አዘዘ። ቦራ እኮ በባጃጅ አንድ ጉዞ ናት! አዲሱ ፈረስ በደረሰ ማግስት ዳማን ጭነት መኪና ላይ ጭነው ወደ መጋዘኑ ላኳት። ጋሼ ዲሪር ሮጦ መጣና “ልጇን ሊቀበሉኝ ኢንሻአላህ ብለውኝ ነበር” ሲል፣ ዘበኛው ከላይ ተነግሮት “እንግዲህ አላህ አልፈቀደም” አለው። የራስን ስስት በአላህ ማሳበብ! ከዚያ መኪና ማቆሚያ ጠረን ይልቅ ይሄ ቃል ነው ያስታወከኝ።

የመጋዘኑ ግቢ የሚይዘው አንድ ብቻ ነው። ቦራ ወደ ሻኪር ሄደች። ጋሼ ዲሪር ግን ሻኪርን አንድ ነገር ለመነው፤ ጋሪውን እኔ ልንዳው አለ። አሁን ሌሊት መጋዘን ይጠብቃል፣ ቀን ደግሞ እንደ አባቱ ጋሪ ነጂ ነው። አለንጋ አልያዘም። አቀበት ሲመጣ ይወርድና በዚያ ዕድሜው ከኋላ ይገፋል። የዋሄን ገበያ ተሸካሚዎች አይተውት ይስቁበታል። “መሐላዬ ፈረሰ ሀሲና” አለኝ አንድ ቀን፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ። “ቢያንስ ግን ማንም አይገርፋትም።”

ከሁሉ የሚያናድደው ውሃው የሚሄድበት ቤት ነው። ቧንቧው ስለሚቋረጥ ሻኪር የሂርሲ ቤት ደንበኛ ሆኗል። የውጭዎቹ ፈረሶች የሚጠጡትን ውሃ ጠዋት ጠዋት ጎትታ የምታመጣው ቦራ ናት። ጎረምሳው ድምፁን ያሰማታል፣ እሷም ትመልስለታለች፤ እኔ ባልዲ እቀበላለሁ።

በቀደም ሂርሲ ለሁለተኛው ፈረስ በረት ሲያሠራ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ጋሪው ሲገባ ዓይኑ ቦራ ላይ አረፈ። ስልኩን ኪሱ ከተተ። ዞሮ ዞሮ አያት፣ እግሯን አየ፣ ግንባሯን አየ። “ማሻአላህ” አለ፣ እጁን አንገቷ ላይ አድርጎ። ከዚያ ፊቱን በአቧራ መከላከያ ጨርቅ ወደሸፈነው ጋሼ ዲሪር ዞረ፤ አላወቀውም።

“ይቺማ ጋሪ ላይ አትባክንም። እገዛታለሁ። ከየት ነው ያስመጣሃት? የየመን ትመስላለች።”

“አዎ” ቢለው ቦራ ዛሬውኑ ከጋሪው ትፈታለች። ከሂርሲ ጀርባ ሆኜ በዓይኔም በእጄም “አዎ በለው! አዎ በለው!” እያልኩ ለመንኩት። አይቶኛል። ጨርቁን ከፊቱ ላይ አወረደ።

“ከኮድቡር ናት” አለ። “የዚያች ከጄኔሬተር ጀርባ ያሰርካት ባዝራ ልጅ ናት።”

“ያገር ናት?” አለ ሂርሲ። እጁን ከአንገቷ ላይ አነሳ፣ በመሐረቡ ጠረገና ወደ ውስጥ ገባ።

ንዴቴን በጋሼ ዲሪር ላይ አወጣሁት። “አንዲት ቃል! አንዲት ቃል ብትል ምን ነበረበት? ከጋሪ ትወጣልህ ነበር እኮ!”

እሱ የባልዲውን ውሃ ገንዳው ውስጥ ገለበጠ። ከዚያ የቦራን ግንባር በመዳፉ አበሰ።

“እና ለዚህ ብላ እናቷን አላውቃትም ትበል? የማን እንደሆነች የታወቀ ቀንስ የት ሊያስሯት ነው?” አለኝ። “አቦ ተይኝ ሀሲና። ጋሪው ይሻላታል።”

የቀረውን ውሃ የሚጠብቅ ሌላ ቤት ነበረው። ጋሪውን አዙሮ ወጣ፤ አቀበቱ ጋ ሲደርስ ወረደና ከኋላዋ ይገፋ ጀመር።