የዲስክ ፍሬንና የእኔ ወንበር

ስንት ዓመት ሙሉ የመኪናችን ፍሬን እኔ ነበርኩ። ቀልድ አይምሰላችሁ። ባለቤቴ መሪውን ይይዛል፤ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ የእጅ ፍሬኑን እይዛለሁ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ፣ የሐረጎ ቁልቁለት ላይ፣ እግሩ ሥር ያለው ፍሬን ለጥቂት ኩርባ ይሠራና ይደክመዋል። ያኔ ባለቤቴ «ሳቢ!» ይላል፤ እኔም «ያ ረቢ!» ብዬ እስባለሁ። «ልቀቂ!» ሲል እለቃለሁ። አንዳንዴ ደግሞ ሳይለኝ እስባለሁ፤ ያኔ እንጣላለን። እንዲህ እየሳብን፣ እየለቀቅን፣ እየተጨቃጨቅን ወርደን ገበያው ስንደርስ ታርቀናል።

መኪናዋ የጣሊያን ሥሪት አሮጊት ናት፤ ባለቤቴ ከአጎቱ ነው የወረሳት። በደርግ ጊዜ አዲስ መኪና ከየት ይመጣል? ቤንዚኑ እንኳ በኩፖን ነው። የኋላ ወንበሯን አውጥተን፣ ከገራዶ ገበሬዎች የምንረከበውን ጥቅል ጎመን እንጭንባታለን። ኮምቦልቻ ላይ የምሸጠው እኔ ነኝ። እሱ እንኳን ሊሸጥ፣ ዋጋ መጥራት ያፍራል፤ «ትንሽ ቀንስ» ያለው ሰው ሁሉ ግማሹን በነፃ ይዞ ይሄዳል። እኔ ግን ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፣ ቤቴ ውስጥ ከብርድና ከልጅ ጋር ስታገል ሰንብቼ፣ ኮምቦልቻ ስደርስ ሴቶቹ «የጎመኗ መጣች!» ብለው ይቀበሉኛል። ሹራቤን አውልቄ ፀሐይ ላይ ቁጭ እላለሁ፤ አወራለሁ፣ እስቃለሁ፣ እከራከራለሁ። ያቺን የገበያ ቀን እንደ ዒድ ነበር የምጠብቃት።

አንድ ማታ ታዲያ ፊቱ በርቶ ገባ። «ፍሬኑን ላስቀይረው ነው» አለኝ። የእኛ ታምቡር የሚባለው ነው፤ እንደ ድስት የተዘጋ ብረት ነው፣ የፍሬን ሸራው ከውስጥ ሆኖ ግድግዳውን ይይዘዋል፣ ሲግል ግን ይንሸራተታል። አዲሱ ዲስክ ይባላል፤ እንደ ሰሃን የተገለጠ ነው፣ ሸራው ግራና ቀኝ ይነክሰዋል፣ ነፋስ ስለሚያገኘው ቶሎ አይደክመውም። አንድ መካኒክ ከተገለበጠች መኪና ላይ የተፈታ ዲስክ አግኝቶለታል።

«አልሐምዱሊላህ» አልኩ ከልቤ።

«አንቺም ከእንግዲህ ታርፊያለሽ። ቤትሽ ትቀመጫለሽ። የፊት ወንበርሽን እንነቅልና ሁለት ጆንያ ጎመን እንጨምርበታለን።»

ደሜ ፈላ። እጄ እስኪዝል ስስብ ኖሬ ኖሬ በጎመን ልተካ? «ማን ሊሸጥልህ ነው?» አልኩት። «እኔ ራሴ» አለ፣ ሳያፍር! ያን ሌሊት ጀርባዬን ሰጥቼው ተኛሁ።

መካኒኩ ደግሞ ምላሱ ከመፍቻው የሚፈጥን ሰው ነበር። «እትዬ፣ ይቺ መኪና ከእንግዲህ በአንድ ጣት ነው የምትቆመው» ይለኛል። «ከዚህ በፊት ሠርተኸዋል?» ስለው «እንዴታ!» አለ። በኋላ እንደተረዳነው፣ አይቶታል እንጂ ሠርቶት አያውቅም። ዲስኩ አልገጥም ሲል ብረት ወደሚቀርጹበት ቶርኖ ቤት ተላከ። ዲስኩ ሲገጥም የጎማው ቸርኬ አልገባ አለ፤ እሱም ተሞረደ። መኪናዋ ድንጋይ ላይ ተሰቅላ ሰነበተች፤ ባለቤቴም በሽተኛ እንደሚያስታምም ሰው አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ ይውላል። እኔ ታምሜ እንደዚያ አስታምሞኝ አያውቅም።

የሙከራው ቀን መካኒኩ «ድምፁን ልስማው» ብሎ ወንበሬ ላይ ጉብ አለ። እኔን ከኋላ ጎመኑ ላይ ጣሉኝ። «ነገ ወንበሩን እንነቅለዋለን» አለ ባለቤቴ ሞተር እያስነሣ፣ እኔ እየሰማሁ።

የሐረጎ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ደረስን። የባለቤቴ እግር የሚያውቀው የድሮውን ፍሬን ነው፤ ከወንበር ብድግ ብሎ፣ በሙሉ ክብደት መርገጥ። እንደለመደው ረገጠው። ሱብሃነላህ! መኪናዋ ክው ብላ ቆመች። መካኒኩ መስታወቱን በግንባሩ ሳመው። እኔ በአፍጢሜ ተደፋሁ፤ ጎመኑ ላዬ ላይ ተናደ፤ አንዱ ጥቅልማ ሄዶ የባለቤቴን ማጅራት አገኘው።

«ያዘ! አየሽ? ያዘ!» ይላል እሱ በደስታ።

«አየሁ» አልኩ ከጎመኑ ሥር።

ትንሽ እንደወረድን ግን መኪናዋ ከበዳት። ባለቤቴ ቁልቁለት ላይ ቤንዚን መስጠት ጀመረ! በኩፖን የተገኘ ቤንዚን! የፊት ጎማዎቹ መጨስ ጀመሩ፤ ከዚያ የቁልቁለቱ ወገብ ላይ ስንደርስ ቀጥ አለች። እግሩን አነሣ፤ አልሄደችም። ማርሹን ነፃ አደረገው፤ ወይ ፍንክች። ያን ሁሉ ዓመት በምንም የማትቆም መኪና፣ ዛሬ ሐረጎን ቁልቁል አልወርድም አለች።

መካኒኩ ወርዶ ራሱን አከከ። ታምቡሩን በዲስክ ሲቀይር፣ የፍሬኑን ዘይት የምትገፋውን ፖምፓ የድሮዋን ትቷት ኖሯል። እሷ ደግሞ ለታምቡሩ የተሠራች ናት፤ እግር ከተነሣ በኋላም ጥቂት ግፊት ታስቀራለች። ያቺ ጥቂት ግፊት ዲስኩን ነክሳ አስቀረችው፤ ሲግል ጭራሽ ቆለፈችው። «በአንድ ጣት ትቆማለች ብለህ አልነበር?» አልኩት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ከኋላችን ወታደር የጫነ መኪና መጥቶ ጡሩምባውን ለቀቀው። አንድ መኮንን ወረደና «ጓዶች፣ መንገድ ልቀቁ!» አለ።

«አልሄድ ብላን ነው፣ ጌታዬ» አለ ባለቤቴ።

«ቁልቁል?»

«ቁልቁል።»

መኮንኑ ቁልቁለቱን አየ፣ መኪናዋን አየ፣ እኛን አየ። «አሻጥር እንዳይሆን» አለ። ከዚያ «በሉ ግፏት!» ብሎ አዘዘ። እኛም ሐረጎን ቁልቁል መኪና ገፋን። ወታደሮቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ አንዱማ «ዳገቱንስ በምን ልትወጡት ነው?» ብሎ ጮኸ። እንደ ምንም ወደ ዳር አወጣናት፤ እነሱም እየሳቁ አልፈውን ሄዱ።

መካኒኩ ጎማው ሥር ገብቶ አንዲት ትንሽ ብሎን ፈታ። ዘይቱ ፊቱ ላይ ፊን አለ፤ ጎማዎቹም ተለቀቁ። ግን ዘይቱ አለቀ፤ የእግር ፍሬን የሚባል ነገር ቀረ። ግማሹ ሐረጎ ገና ከፊታችን ነው። ባለቤቴ መካኒኩን «በል አንተ የእጁን ፍሬን ሳብልኝ» አለው። መካኒኩ ገደሉን አየት አደረገና «እጄ ዘይት ነው፣ ያዳልጠኛል» አለ። ሁለቱም ዞረው እኔን አዩኝ።

ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሻሼን አጠበቅሁ። «እኔ ከእንግዲህ ዐርፋለሁ» አልኩ።

«አንቺ ሴትዮ፣ አሁን የቀልድ ሰዓት ነው?»

«ወንበሩ ይነቀላል?»

«አይነቀልም።»

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ።»

«ቢላሂም በል።»

«ቢላሂ! ተላሂም! ግቢ አሁን!»

ገባሁ። እየሳብኩ፣ እየለቀቅኩ አወረድኳቸው። መካኒኩ ከኋላ ጎመን መሐል ሆኖ ማርያምን ይጠራል፤ እኔ ከፊት ረቢን እጠራለሁ። በሰላም ገባን።

መካኒኩ ያፈረውን አፍሮ ለዲስክ የሚሆን ፖምፓ ፈልጎ አመጣ። ከዚያ ወዲያ ፍሬኑ ግሩም ሆነ፤ የባለቤቴም እግር ቀስ ብሎ መርገጥን ተማረ። እኔ ግን የምስበው ነገር አጣሁ። እጄን ጭኔ ላይ አጣጥፌ እንደ እንግዳ እቀመጣለሁ። መሐላው መሐላ ነው፤ ግን ቁልቁለት ላይ ተይዞ የተማለ መሐላ ምን ያህል ይጸናል? ለመሐላው ማካካሻ ጥቂት ምስኪን አብልቶ ሊገላገለው ይችላል። ወንበሬን አየት ባደረገ ቁጥር ጆንያ እየለካበት ይመስለኛል። ሆድ ባሰኝ፤ ለማን እንደምናገረውም አላውቅም።

አንድ የገበያ ቀን ማለዳ ጎመን ተሸክሜ ብወጣ፣ ባለቤቴ በመኪናዋ በር ግማሽ አካሉን አስገብቶ፣ ወንበሬ ሥር ብሎን በመፍቻ ያዞራል። ጆንያውን ጣልኩት። «አንተ ከሐዲ! ሦስቴ ምለህ! አላህን አትፈራም?» ከሠርጋችን ቀን ጀምሮ የያዝኩበትን ሁሉ አንድ ሳላስቀር አወረድኩበት። ጎረቤት በየደጁ ወጣ። እሱ ሥራውን እስኪጨርስ ቀና አላለም። ከዚያ ወጣ፤ ወንበሩን በሁለት እጁ ይዞ ነቀነቀው። ንቅንቅ አላለም።

«ብሎኑ ላልቶ ነበር» አለኝ። «ይሄ ፍሬን እንደ ድሮው አይደለም። ድንገት ብይዝ ከነወንበርሽ ተነቅለሽ በመስታወት ትወጫለሽ ብዬ አጠበቅኩት።» እጁን በጨርቅ ጠረገ። «በይ ግቢ፣ ጎመኑ ጠወለገ።»

ገባሁ። አፌ ውስጥ ገና ያልወጣ ስድብ ሞልቶ ነበር፤ የት እንደማደርሰው አላውቅም። ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ እስክንገባ አንዲት ቃል አልወጣኝም። እሱ ዞር እያለ ያየኝ ጀመር፤ መጨረሻ ላይ ፍርሃት ፍርሃት እያለው «አሞሻል እንዴ?» አለኝ።