መደቤ የታጠፈ ጊዜ

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። «መዋቅር» የሚባል ቃል መካነ ሰላም ላይ ከቢሮ ቢሮ የሚዞርበት ጊዜ ነበር። ወሩ የውቂያ ሳይሆን አይቀርም፤ ነፋሱ እብቁን እኔ እምጠብቀው በር ድረስ ያመጣው ነበር።

የአንድ መሥሪያ ቤት ዘበኛ ነበርኩ። ከበሩ ጥግ በድንጋይና በጭቃ የሠራሁት መደብ አለኝ፤ እኔም እቀመጥበታለሁ፣ ባለጉዳይም ያርፍበታል።

አንድ ጠዋት ከሲቪል ሰርቪስ ጽሕፈት ቤት የተላከ ሰው መጣና፣ «ጋሼ፣ መደብዎ ታጥፏል። እስከ ዓርብ ድልድል ነው ተብሏል» ብሎኝ ሄደ።

ነገሩ ገረመኝ። ጋቢ ይታጠፋል፣ ቁርበት ይታጠፋል፤ መደብ እንዴት አድርጎ ነው የሚታጠፈው? ዞሬ ባየው እውነትም አንድ ጫፉን ዝናብ ሸርሽሮታል። መንግሥት ይህንንም ያያል ለካ አልኩና ጭቃ አቦካሁ። ስደለድልና ስመርግ ሰነበትኩ።

ዓርብ ወደ ሥራ መውጫው ግድም፣ እዚያው ሲቪል ሰርቪስ መዝገብ ቤት የምትሠራ ሴት ወደ ቢሮዋ ስትመለስ አየችኝ።

«ምን እየሠሩ ነው ጋሼ?»

«እየደለደልኩ ነዋ። እስከ ዓርብ አላችሁኝ አይደል?»

«ምኑን?»

«መደቡን። መታጠፉን እንኳ እኔ አላየሁም፤ ተሸርሽሮ ነው።»

ሳቀች። ወዲያው ሰዓቷን አየችና ሳቋን ተወችው።

«የኛ መደብ ሌላ ነው። የሥራ ቦታዎ ማለት ነው፤ እሱ ቀርቷል። ሌላ ቦታ እንዲመድቡዎ ዛሬ ካልተመዘገቡ ቤትዎ መግባትዎ ነው።»

ልጆቼ ገና ተማሪዎች ነበሩ። ጭቃው እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

«ታዲያ ለሥራውም ለመቀመጫውም አንድ ስም ነው እንዴ ያወጣችሁለት?» አልኳት።

«አብሽሩ፣ ብቻ ይነሡ።»

ከነጭቃዬ ይዛኝ ገባች። የሚመዘግበው ሰውዬ ቢሮውን ሊዘጋ ቁልፉን አንሥቷል።

«ምነው እኒህ ሰው፣ ከቤት ምርጊት ነው የመጡት?»

«መደባቸውን ሲደለድሉ ነው የቆዩት» አለችው። ክፍሉ በሳቅ ሞላ፤ ሰውዬውም እየሳቀ ተመልሶ ተቀመጠና መዘገበኝ።

በኋላ አንድ ትምህርት ቤት በር ላይ ተደለደልኩ። የተቀበለኝን ሰው፣ «መደብ አለ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«የትኛው?» አለኝ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል።

ጡረታዬም የወጣው ከዚያው በር ነው። ያን ዓርብ ያሻገረችኝ እሷ ናት፤ የመዝገብ ቤቷ ሴት፣ ሰፈሩ በአባቷ «የሼሁ ልጅ» የሚላት።