ሰባተኛው የከበሮ ምት

ከዳንግላ የተነሳሁት በዐቢይ ጾም አጋማሽ፣ በማለዳ ነው። ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ያለው ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን በክረምቱ መብረቅ ወድቆበት ተቃጥሎ ነበር። ሕዝቡ መልሶ ሠርቶታል፤ የቀረው ከበሮ ብቻ ነው። ለፋሲካ እንዲደርስ ከዋንዛ ግንድ ፈልፍዬ፣ የበሬ ቆዳ ወጥሬ የሠራሁት እኔ ነኝ። የጭነት መኪናው ሾፌር ለእኔ አንድ ብር፣ ለከበሮው ደግሞ ስሙኒ አስከፈለኝ። ምነው፣ ከበሮው ወንበር ላይ ተቀመጠ?

እንጅባራ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ደብሩ የላካቸው አያ ስመኝ አህያ ይዘው ጠበቁኝና ከበሮውን ጭነን በእግር ተነሳን። አህያዋን በአዊኛ፣ እኔን በአማርኛ ነው የሚቆጡት።

“ማማሩንስ አምሯል” አሉኝ በመንገድ፤ “መሪጌታው ከተቀበሉት ነው።”

“ለምን አይቀበሉትም?”

ነገሩን አጫወቱኝ። የዐይነ ስውሩ መሪጌታ ልጅ ዲያቆን ነበር፣ ከበሮ መቺ። በእሳቱ ቀን አሮጌውን ከበሮ አወጣለሁ ብሎ ገባ፤ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ አባትየው “ልጄ ሳይፈቅድ ሌላ ከበሮ አይመታም” ብለው ማኅሌት መምራት ትተው ተኝተዋል። ያለ እሳቸው ደግሞ ፋሲካው ፋሲካ አይሆንም።

ዘጠኝ ሰዓት፣ ከሐይቁ አፋፍ

ጉሙ ውሃውን ሸፍኖታል። ወፍ እንኳ አይጮህም። ቆዳውን ብዳብሰው ረግቧል! ደሜ ፈላ። በጋቢዬ አደረቅሁትና ጠፍሩን አጠበቅሁ።

“ተው አንተ! በዐቢይ ጾም ከበሮ ይመታል?” አሉ አያ ስመኝ።

“መፈተሽ መምታት አይደለም” ብዬ ሦስት ጊዜ መታሁት። እኔ እንደሁ ችኩል ነኝ።

ማዶ ያለው ገደል ሦስቱንም መለሰ። ከዚያ ጸጥ አለ። ልንነሳ ስንል ከውሃው በኩል አንድ ምት መጣ፣ ሰባተኛ። ክው አልኩ። አያ ስመኝ አማተቡ። አህያዋ ጆሮዋን አቁማ አልራመድም አለች። እየገፋን እያባበልን ደብሩ ደረስን።

ደብሩ ደጅ ሴቶች ያለቅሳሉ። መሪጌታው መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ከእሳቱ ወዲህ ከቤት ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነው።

“ልጄ ፈቀደ! ከሐይቁ ሲመታ ሰማሁት!” ይላሉ።

ጉድ ፈላ! ዝም ብል ከበሮዬ ይገባል፤ ሽማግሌውን ግን አታለልሁ ማለት ነው። ብናገር ተመልሰው ሊተኙ ነው። ቀርቤ ጉልበታቸውን ሳምሁ።

“የኔታ፣ ይማሩኝ፤ የመታሁት እኔ ነኝ።”

መሪጌታው ወደ ድምፄ ዞሩ።

“ስንት ጊዜ መታህ?” አሉኝ።

“ሦስት።”

“ገደሉስ?”

“እሱም ሦስት፣ የኔታ።”

“እኔ ሰባት ነው የቆጠርሁ። ሰባተኛውን ማን መታው?”

ከበሮውን ከአህያዋ አውርጄ ፊታቸው አቆምሁት። መሪጌታው ቆዳውን በመዳፋቸው ዳበሱት፤ አለቀሱ። ከዚያ “አስገቡት” አሉ።

በማግስቱ ዳንግላ ቤቴ ገባሁ። ይህ ጉዞ ችኩልነቴን አስተወኝ። ዛሬም ከበሮ ስፈትሽ ሦስት እመታና እጄን አንስቼ ጆሮዬን እጥላለሁ።

“ምን ትጠብቃለህ?” ትለኛለች ሚስቴ።

“ቆዳው እንዲረጋ ነው” እላታለሁ።