ለአባቴ የመረጥኩት መጽሔት

ባለፈው ቅዳሜ አውቶቡስ ውስጥ ልጄ ሰሚራ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና፣ «እማዬ፣ የጃፓን ማንጋ፣ የሥዕል ታሪክ መጽሔት ልጀምር ነው፤ የትኛውን እትም ትራይ ላድርግ?» አለችኝ። ሐሳቤ ወደ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ሄደ።

ያን ጊዜ ከአባቴ ጋር ሁለታችን ብቻ በሰው አገር፣ አርችዌይ በሚባል ሰፈር እንኖር ነበር። አባቴ ደሴ ከተማ ሳለ ልብስ ሰፊ ነበር፤ እዚህም አንድ የልብስ እጥበት ቤት ጓዳ ተቀምጦ ሱሪ ሲያሳጥር ይውል ነበር። አንድ ጠዋት ሻይ ሊጥድ ሲነሳ ወደቀ። ስትሮክ ነው አሉን። ቀኝ እጁ ዛለ፣ ንግግሩ ጠፋ፣ ማንበብም አቃተው። ጋዜጣ ስሰጠው ትክ ብሎ ያየውና መልሶ ይዘረጋልኛል።

ኮሌጅ አቁሜ ሆስፒታል አልጋው አጠገብ ዋልኩ። ዋልኩ ልበል እንጂ መቀመጥስ አልቻልኩም። ወደ መስኮቱ እሄዳለሁ፣ ወደ ኮሪደሩ እወጣለሁ፣ እመለሳለሁ። ለበሽተኞቹ የሚቀርበው የተፈጨ ድንችና ካሮት ሽታ ልብሴ ላይ ቀርቶ ነበር።

በስድስተኛው ሳምንት ንግግር የምታለማምደው ሴት የሥዕል ካርዶች ይዛ መጣች፤ ፖም፣ ኩባያ፣ ውሻ። «ይሄ ምንድን ነው?» ስትለው አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«አባዬ፣ እባክህ ሞክር» አልኩት።

ዐይኑን ጨፈነ። እንደ ሕፃን መታየቱ እንዳሳፈረው ገባኝ።

በማግስቱ ለነርሷ «አንድ ሰዓት ብቻ» ብዬ ወጣሁ። መሃል ከተማ አንድ የጃፓን መጻሕፍት ቤት አውቅ ነበር፤ በመስኮቱ ለአዋቂ የተሣሉ ወፋፍራም የሥዕል መጽሔቶች አይቻለሁ። የኅዳር ዝናብ ያካፋል። ከአውቶቡስ ወርጄ ኮምጣጤ የተረጨበት ቺፕስ ገዛሁና እየተራመድኩ፣ ምላሴ እየተቃጠለ በላሁ።

መጻሕፍት ቤቱ ገብቼ ከመደርደሪያው አንዱን አነሳለሁ፣ እመልሳለሁ፤ ሌላ አነሳለሁ። ሻጯ፣ ሸበቶ ጃፓናዊት፣ ጥቂት አይታኝ መጣች።

«ጃፓንኛ ታነቢያለሽ?»

«አላነብም። ለአባቴ ነው።»

«እሳቸውስ ያነባሉ?»

«አሁን ምንም አያነብም» አልኳት።

ወደ መደርደሪያው ዞረች። «ይሄ የልጆች ነው፣ ያ የልጃገረዶች፤ እነዚህ ያዋቂ ናቸው» አለችና፣ «ግን በየሳምንቱ የሚቀጥሉ ታሪኮች ስለሆኑ የትኛውንም ብትወስጂ ከመሃል ነው የምትጀምሪው» አለች።

እየገለጥኩ ጽሑፍ የሚያንስበትን ፈለግሁ። በአንዱ ውስጥ አንድ ሽማግሌ በዝናብ ዓሣ ያጠምዳል፤ ገጽ ሙሉ ማንም ቃል አይናገርም። እሱን ወሰድኩ።

ሆስፒታል ስደርስ መጽሔቱን በእኛ መጽሐፍ ልማድ ከግራ ገልጬ ጭኑ ላይ አደረግሁለት። አባቴ አየው። ከዚያ በደህናው እጁ ታግሎ ገለበጠውና ከወዲያኛው በኩል ከፈተው።

«አባዬ፣ ተገለበጠብህ እኮ» ብዬ መጽሔቱን ወደ ነበረበት መለስኩት።

ቀማኝ። እንደገና ገለበጠው። ጣቱን በገጹ ቀኝ ጥግ ላይ ተክሎ አፉ ብዙ ከተንቀጠቀጠ በኋላ፣

«በ... በቀኝ» አለ።

ከስድስት ሳምንት በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሉ ነው። አባቴ ከአማርኛ ፊደል በፊት የተማረው ቁርኣን ነበር፤ መጽሐፍ ለእሱ መጀመሪያ የተከፈተው ከቀኝ ነው። የጃፓኑም መጽሔት ለካ እንዲሁ ነው፤ እኔ ዐሥር ጊዜ ያገላበጥኩትን ወደኋላ ሳነብ ቆይቻለሁ። በእሱ በኩል ሲታይ ሽማግሌው ገና ከቤቱ መውጣቱ ነበር። ነርሷን ልጠራ ሮጥኩ። ይዣት ስመለስ አባቴ አራተኛው ገጽ ላይ ደርሶ ቀና ብሎም አላየን።

ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ኖረ። ንግግሩ እየተቆራረጠም ቢሆን መጣ፤ መርፌ ግን ዳግመኛ አልያዘም።

ይህን ሳወራ ሰዎች ደግ ልጅ ነበርሽ ይሉኛል። እውነቱን ለመናገር ያን ቀን የወጣሁት አልጋው አጠገብ ካለው ከዚያ ወንበር ለመሸሽ ነው፤ መጽሔቱ ሰበብ ነበር። አንድ ሰዓት ብዬ ሦስት ሰዓት ቆየሁ። አባቴ ወቅሶኝ አያውቅም፤ እኔም በእነዚያ ሦስት ሰዓታት ምን ሲያስብ እንደነበር ጠይቄው አላውቅም። አሁን ሰሚራ ወጥታ ስትዘገይብኝ ወንበሬን ወደ በሩ አዞራለሁ። የእሱም አልጋ በሩን ፊት ለፊት ያይ ነበር።