የድንች ሻጯ ስለት

እንጅባራ መናኸሪያ በር ላይ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ ድንች የምትሸጠው ሴት ኳስ አታውቅም። ልጇ የታዳጊዎች ብሔራዊ ቡድን በረኛ ከሆነ ወዲህ ግን ጨዋታ ባለ ቁጥር የባጃጅ ሾፌሮች ሬዲዮ ይዘው ይከቧታል።

«እትዬ፣ ለጊዮርጊስ ጥላ ተሳልሽ አሉ! በቃ፣ አለፍን!»

እሷ ግን የተሳለችው እንዲሸነፉ ነበር። ቡድኑ ካለፈ ልጇ ካምፕ ይከርማል፤ ከወደቀ ለፋሲካ ቤቱ ይገባል።

ዛሬ ሁለት ለአንድ ተሸንፈው ከማጣሪያው ወጡ። ሬዲዮው፣ «በረኛው ሜዳው ላይ ተደፍቶ ያለቅሳል፤ የሚያነሳውም አልተገኘም» አለ። እጇ ድንቹ ላይ ቀረ።

«አይዞሽ እትዬ፣ ጊዮርጊስ ለከርሞ ይሰማሻል» አላት አንዱ ሾፌር።

«ምነው ባልሰማኝ!» አለች በአገውኛ።

ሾፌሩ አገውኛ አያውቅም።