የማይቀዳው ሲዲ

ሲዲውን የገዛሁት ጎንደር ነው። ለእረፍት ወጥቼ ወደ መተማ ስመለስ አንድ ሙዚቃ ቤት ገባሁና አባቴ በሬዲዮ ይሰሙት የነበረውን የአገሬን ዘፋኝ ሥራ አገኘሁ። ውጭ አገር የታተመ ነበር። በሸሚዝ ጠቅልዬ ቦርሳዬ መካከል አስቀመጥሁት። አውቶብሱ ቁልቁል ሲወርድ፣ የቆላው ሙቀት በመስኮት መግባት ሲጀምር፣ ቤቴ ገብቼ እሰማዋለሁ እያልሁ ራሴን አጽናና ነበር።

ከጎጃም የመጣሁ የትራክተር መካኒክ ነኝ። የምሠራበት ጋራዥ የሰሊጥ እርሻዎችን ማሽን ይጠግናል። ከክረምት በፊት ሥራው ፋታ አይሰጥም። አጨዳው ሲያልቅ ግን የቀን ሠራተኛው ወደ ደጋ ይመለሳል፣ ከተማው የነጋዴና የሹፌር ብቻ ይሆናል፤ እኔም ውዬ አድሬ ከሰላምታ ያለፈ ቃል የማልናገርባቸው ቀኖች ይመጣሉ። ሰዎቹ ክፉዎች አልነበሩም። አነጋገሬን ሲሰሙ ፈገግ ይላሉ እንጂ። ግን እንግዳ መሆኔን ያን ፈገግታ ባየሁ ቁጥር አስታውሳለሁ።

እንደደረስሁ ሲዲውን ላፕቶፔ ውስጥ ከተትሁት። ዞረ፣ አቃሰተ፣ ዝም አለ። አውጥቼ በሸሚዜ ጫፍ ጠራረግሁና መለስሁት፤ ያው ነው። በማግስቱ የጋራዡ ፒካፕ ላይ ሞከርሁት። የመኪናው ማጫወቻ ጥቂት አሰበና መልሶ ተፋው። የሽፋኑን ጀርባ አገላብጬ ሳይ ነው ደቃቋን ጽሑፍ ያነበብሁት። ሲዲው እንዳይቀዳ ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ በኮምፒዩተርና በአንዳንድ የመኪና ማጫወቻዎች ላይሠራ ይችላል ትላለች። ተናደድሁ። እኔ መች ልቅዳው አልሁ? ልስማው ነው ያልሁት።

ሻይ የምትሸጥልኝ ሴትዮ ዘንድ ሄጄ የቤት ሲዲ ማጫወቻ ያለው ሰው ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኋት። ወደ ጉምሩክ በሚወስደው መንገድ ላይ የመለዋወጫ ሱቅ ያላቸው ሐጂ ከካርቱም ያመጡት ትልቅ ዴክ እንዳላቸው ነገረችኝ። ሐጂን አውቃቸዋለሁ። ለጋራዡ ፊልትሮና ኩሽኔታ ከእሳቸው ነው የምንገዛው። ከዕቃ ስምና ከዋጋ በቀር ግን አውርተን አናውቅም። ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ሱዳን ተሻግረው ገዳሪፍ እንደሚኖሩ ከሰው ሰምቻለሁ።

እንዴት እንደደፈርሁ እንጃ፣ ሱቃቸው ሄጄ ነገርኋቸው። ዘፋኙን አያውቁትም። ሲዲውን ተቀብለው ወደ ብርሃን አዙረው አዩትና ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ቤታቸው እንድመጣ ነገሩኝ።

ቤታቸው ሰፊ ነው። ሳሎኑ በግድግዳው ዙሪያ በፍራሽና በመከዳ የተሞላ ነው፤ ብዙ ሰው እንዲቀመጥበት የተሠራ ቤት ነው። የተቀመጥነው ግን ሁለታችን ብቻ ነበርን። ሐጂ ዴኩ ላይ የነበረውን ጥልፍ ጨርቅ ራሳቸው ገለጡት። ጨርቁ አቧራ ይዟል። ሲዲውን ከተቱና ቁልፉን ተጫኑ፤ ወዲያው ዘፈነ። ያን ድምፅ ስሰማ አንገቴን ደፋሁ። ሐጂ አይተውኝ እንዳላዩ ሆኑ።

ከዴኩ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ላፕቶፑ የማይክ ቀዳዳ የሚሄድ ቀጭን ሽቦ ይዤ ነበር። ሲዲው እንዲቀዳ ባይፈቅድም እንዲሰማ ይፈቅዳል፤ የሚሰማውን ድምፅ ኮምፒዩተሩ እየሰማ እንዲመዘግበው ማድረግ ይቻላል። ያን ስነግራቸው ሽቦውን አዩና ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ይሄ ሌብነት አይሆንም?»

«ሐጂ፣ ገዝቼዋለሁ። ለራሴ ነው፤ ለማንም አልሸጠውም።»

«እንዲያ ከሆነ ቀጥል» አሉኝ።

አቋራጭ የለውም፤ ዘፈኑ የሚወስደውን ጊዜ ያህል ተቀምጦ መጠበቅ ነው። የመጀመሪያውን ዘፈን ድምፁን አብዝቼው ተሰነጣጠቀብኝ። ቀንሼ ብጀምር ከዘፈኑ ሥር እንደ ንብ የሚያጉረመርም ድምፅ መጣ። ሽቦውን ብነካካው አልጠፋም። በመጨረሻ ከላያችን የሚዞረው ቬንትሌተር ነው ብዬ ጠረጠርሁ። ሐጂ ተነሥተው አጠፉት፤ ማጉረምረሙም ጠፋ። በዚያ ሙቀት ያለ ቬንትሌተር ተቀመጥን። እሳቸው ጀለቢያቸውን ከደረታቸው ላይ እያራገቡ፣ እኔ ላቤ በጀርባዬ እየወረደ ሰማን። የመጨረሻው ዘፈን ላይ መብራት ሄደ። ብንጠብቅ አልመጣም። ስወጣ ሐጂ በር ድረስ ሸኙኝና ዓርብ እንድንጨርሰው ነገሩኝ።

በቀጣዩ ዓርብ ጨረስነው። ባዶ ሲዲ ላይ ገለበጥሁትና ሁለታችንም የጋራዡ ፒካፕ ውስጥ ገብተን ሞከርነው። ሠራ። ሐጂ ሳቁ፤ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ቆየኝ ብለው ወደ ውስጥ ገቡና ሌላ ሲዲ ይዘው መጡ። የአንዲት ሱዳናዊት ዘፋኝ ነው። ባሕር ማዶ ያለችው ትልቋ ልጃቸው እናቷ ገና መተማ ሳለች የላከችላት ነው። እንደ እኔው ሲዲ ይሄም በመኪና አይሠራም። ሽንፋና ገለጉ ከተሞች ላሉ ደንበኞቻቸው ዕቃ ሲያደርሱ መንገዱ ረጅም ነው፣ ብቻቸውን ነው የሚነዱት፤ ያን ሲዲ በመንገድ ላይ መስማት ይፈልጋሉ።

እሱንም እንደዚያው አደረግነው፤ ቬንትሌተሩ ጠፍቶ፣ ሽቦው በመካከላችን ተዘርግቶ። ዓረብኛው አይገባኝም ነበር። ሐጂ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ላፕቶፑ የሚሰማቸው ይመስል፣ እዚህ ጋ ዝናብን ነው የምትጠራው፣ እዚህ ጋ እናቷን ነው እያሉ ነገሩኝ። አንዱ ዘፈን ሲጀምር ግን መተርጎሙን ተዉት። እስኪያልቅ መከዳውን በመዳፋቸው እየዳበሱ ቆዩ።

«ሚስቴና ልጆቹ ለአንድ ክረምት ብለው ነበር የሄዱት» አሉ ሲያልቅ። «አማቴን ሊያስታምሙ። እሷ ዳነች። ከዚያ ልጆቹ ትምህርት ጀመሩ። ክረምቱ አለፈ፣ ሌላውም አለፈ። እኔም ሱቁን ለማን ልተወው እያልሁ እዚህ ቀረሁ።»

እኔም መተማ የመጣሁት ለአንድ የእርሻ ወቅት ብዬ እንደነበር ነገርኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ኮፒው የተሳካ ዕለት በእሳቸው መኪና ይዘውኝ ወጡ። ልንሞክረው ነበር፤ አንድ ዘፈን ይበቃን ነበር። «ኸላስ፣ በቃ ሠራ» አሉ፤ ግን አልተመለሱም። የታጨደውን የሰሊጥ ማሳ ግራና ቀኝ እያየን ወደ ሽንፋ አቅጣጫ ነዱ፤ ሲዲው እስኪያልቅ ነዱ። ከዚያ መኪናውን አዙረው እንደገና ከመጀመሪያው አስጀመሩት።

ከዚያ ወዲህ የሚቀዳ ነገር ባይኖርም ዓርብ ዓርብ እሄድ ነበር። እንዲህ ሆነን ከቆየን በኋላ አንድ ቀን ሱቁን ለወንድማቸው ልጅ አስረክበው ወደ ቤተሰባቸው ሊሻገሩ መቁረጣቸውን ነገሩኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ደስም አለኝ። ዴኩን ተሸክሜ መኪናቸው ላይ የጫንሁት እኔ ነኝ። ላንተ ልተውልህ ብለውኝ ነበር፤ ልጆቹ ይስሙበት ብዬ እምቢ አልሁ። እስከ ድንበሩ ድልድይ ሸኘኋቸው። ማዶ በሱዳኗ ጋላባት ከሰዉና ከጋሪው መካከል መኪናቸው እስኪጠፋ ቆሜ አየሁና ወደ ጋራዡ ተመለስሁ።

በየበዓሉ እንደዋወል ነበር። ቆይቶ ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሣ፤ ስልካቸውም አልሠራ አለ። ያን ሰሞን በድልድዩ የሚገባው ሰው ብዛት አይነገርም። ከሥራ ስወጣ እዚያ እየሄድሁ እቆም ነበር። ነጭ ጀለቢያ የለበሰ ሽማግሌ ሁሉ ከሩቅ እሳቸውን ይመስለኛል። ሲቀርቡ ሌላ ሰው ናቸው። ሰዎቹ ይዘው የሚመጡትን አያለሁ፤ ፍራሽ፣ ድስት፣ ልጅ። እሳቸው አልመጡም።

ብዙ ወራት ካለፉ በኋላ ጉምሩክ ተራ የሚጠብቅ አንድ ሱዳናዊ ሹፌር የጭነት መኪናውን ፍሬን እንድመለከትለት ጠራኝ። አማርኛ ይችላል። ከገዳሪፍ ነኝ ሲለኝ ስለ ሐጂ ጠየቅሁት። ሥራውን አስቆመኝና ሣቀ። ደህና ናቸው። ከካርቱም የሸሸ ዘመድ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ገብቶ ሳሎናቸው ውስጥ እግር መዘርጊያ የለም፤ እሳቸውም ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ነው የሚውሉት። ወደ መተማ የሚሄድ ሹፌር ሲያገኙ፣ ያ ጎጃሜ መካኒክ አለ ወይ እያሉ ይጠይቃሉ አለኝ።

«ገና እዚሁ ነው በላቸው» አልሁት።

«ሌላስ?»

ሌላ የምለው ብዙ ነበረኝ። ከኋላው ያሉት መኪኖች ግን ጥሩምባ መንፋት ጀመሩ፣ ሰልፉም ተንቀሳቀሰ። ፍሬኑ መያዙን አረጋገጥሁለትና ዕቃዬን ሰብስቤ ከመንገዱ ወረድሁ።