የአርባው ጌሾ

ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመት አልፎታል። በጋይንት ደጋ፣ ከቤተ ልሔም ብዙም በማይርቅ አጥቢያ፣ የሻረግ የምትባል ሴት ባሏን አስማረን በመስቀል ሰሞን ቀበረች። ልጅ አልወለዱም፤ አብረው እያረሙ፣ አብረው እያጨዱ ነው የሸበቱት። አስማረ ሰው ሳያጠጣ የማይሸኝ ነበር፤ መንገደኛ በደጁ ሲያልፍ ካየ እርሻውን ትቶ ይጣራል። ስለዚህ የሻረግ ከሐዘኗ ቀና ስትል መጀመሪያ ያሰበችው የአርባውን ተዝካር ጠላ ነው።

ገብሱ ሞልቷል። ጌሾ ግን በዚያ ብርድ አይበቅልም። አህያ ጭኖ ከእስቴ ጋይንት የሚመላለሰውን ጓዴን አስጠራችና የድካሙን በገብስ ቀድማ ሰፈረችለት። “ከገብርኤል በፊት ደጅሽ ላይ ነው” ብሎ ማለላት። ገብርኤል አለፈ፤ ማርያምም አለፈች። ጓዴ አህዮቹን እየነዳ ብቅ ያለው በአርባው በራሱ ቀን፣ ካህናቱ ፍትሐቱን ጨርሰው ዳስ ውስጥ ሲቀመጡ ነው። ጠላ ደግሞ በአንድ ጀምበር አይደርስም።

እንግዳው በልቶ ውሃ ጠጣ። ፊት ለፊት ማንም ምንም አላላትም። ወንዝ ስትወርድ ግን “አስማረን በውሃ ሸኘችው” ሲባል ሰማች። ያቺ ቃል ከሞቱ ይልቅ አንገበገበቻት። ሞቱ የእግዚአብሔር ነው፤ ይህ ግን የጓዴ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቅጥሩ ውጭ ካለው ወይራ ሥር ለዳኝነት ተቀመጡላት፦ ጭቃ ሹሙ አበጀና የድጓው መምህር የኔታ ቀለመ ወርቅ። የሻረግ ነጠላዋን አደግድጋ ቆመች።

“ካሳዬን” አለች። “ቃሉን አምኜ በሰው ፊት አፈርኩ።”

ጓዴ ተራው ሲደርሰው እጁን ዘረጋ። “ጌቶቼ፣ ምን ላድርግ? ማርያም ደብር ስደርስ የማርያም ቀን ሆነ። ሰው ዱላውን ይዞ ወጣ፤ ‘ገብሳችንን በበረዶ ልታስመታ ነው?’ ብሎ ጭነቴን አራገፈው። ከዚያ ተነሥቼ ጊዮርጊስ ደብር ስገባ ጊዮርጊስ! ተክለ ሃይማኖት ደብር ስደርስ ተክለ ሃይማኖት! ከዚያማ ቅዳሜና እሑድ። ታቦት ሁሉ ተራ ገብቶ ሲጠብቀኝ የእኔ ጥፋት ነው?”

ሰው ሳቀ። “አህዮችህ ጸድቀው ከረሙ በለና!” አለ አንዱ ከኋላ።

ዳኞቹ ግን አልሳቁም። በዚያው ወር፣ በሚካኤል ዕለት፣ ራሱ አበጀ አንድ ጨው ነጋዴ አስቁሞ ጭነቱን አስወርዷል። ጓዴን በዓል አከበርህ ብለው ቢቀጡት የገዛ ሥርዓታቸውን ማፍረስ ነው። የኔታ ጢማቸውን ያሻሉ። አበጀ በበትሩ መሬቱን ይጭራል።

የሻረግ ዳኝነቱ ወዴት እንደሚያዘነብል ገባት።

“የኔታ፣ በዓል ለምን አከበርህ አላልኩም። አንድ ነገር ብቻ ይጠየቅልኝ። ለእኔ ሲምል ማርያም መቼ እንደምትውል፣ ጊዮርጊስ መቼ እንደሚውል አያውቅም ነበር?”

“ይህን የማያውቅ ክርስቲያን አለ?” አሉ የኔታ።

“እንግዲያው ቀኑንም መንገዱንም ያውቃል። እስቲ ይንገረኝ፣ ከእስቴ ገበያ፣ ከመካነ ኢየሱስ፣ ለምን በጊዜ አልተነሣም?”

ጓዴ አንገቱን አከከ። “ለራሴ ጨው ልሸምት ብዬ… ገበያው አልሆነልኝም። የሚቀጥለውን ገበያ ጠበቅሁ።”

“ጌሾዬስ?”

“ጌሾሽማ ተገዝቶ ተቀምጧል።”

የኔታ ቀና አሉ። “ልጄ፣ ታቦት አላዘገየህም። ታቦት ያገኘህ ከዘገየህ በኋላ ነው።”

“ተረታሁ” አለ ጓዴ።

አበጀ ቀለል አለውና አንድ ጠቦት ይክፈል አለ።

“ጠቦት ምን ያደርግልኛል፣ አያ አበጀ? እኔ ስበላው የእንግዶቼ ጥም ይወጣል?”

“ታዲያ ምን ይሁንልሽ?”

የሻረግ አሰበች። እህል የወሰደ እህል ይመልሳል፣ ከብትም የወሰደ ከብት፤ ቀን የወሰደ ሰው ግን ከየት አምጥቶ ይተካል? ያ ቀን በማንም ጎተራ የለም። ያሉት ያን ዕለት የተጠሙት ሰዎች ብቻ ናቸው።

“ሰማንያው ይመጣል” አለች። “ጌሾ እንደ አዲስ ያለ ዋጋ ያምጣ፤ በጊዜው ያምጣ። ውሃ ለጠጣው ሰው ሁሉ ራሱ እየዞረ ይቅዳ። ሲቀዳም ‘የአርባውን ያስቀረሁት እኔ ነኝ’ ይበል።”

ጓዴ ክው አለ። “እቴ የሻረግ፣ በሬም ካልሽ በሬ ላምጣ! ይሄን ተይኝ!”

“በሬው ያፍርልኛል?”

የኔታ ሳቅ አመለጣቸው። እንዳለችው ፈረዱ፤ ጓዴም ዋስ ጠራ።

ሰማንያው ታኅሣሥ ላይ ዋለ፤ ጌሾውም ቀድሞ ደርሶ ነበር። ጓዴ ነጠላውን አገልድሞ፣ ማሰሮ ይዞ ዳሱን ዞረ። መጀመሪያ ቃሉ አልወጣ ብሎት ሲንተባተብ “ጮክ በል እንጂ፣ አስማረ አልሰማም!” አሉት። እየዋለ ግን ድምፁ ጠራ፤ እሱ ይቀዳል፣ ሰዉም “ነፍሱን ይማር” እያለ ይጠጣል። የሻረግ ከማጀቱ በር ላይ ቆማ አየች። በመጨረሻ ላብ በላብ ሆኖ መጣና ዋንጫ ሞላላት።

“ተካካስን?”

ቀመስ አደረገች። “ጠላው ደርሷል” አለች። “ያ ቀን ግን ውሃ እንደ ጠጣ ቀረ።”

ጓዴ አንገቱን ደፋ። ዋንጫውን መልሳ እጁ ላይ አኖረችለት።

“በል ቁጭ ብለህ ጠጣ። አስማረ ቢኖር ሳትጠጣ አይሸኝህም ነበር።”